የተሰረዘው ለአንቺ ነው

አቶ ሞላ ለልጃቸው ለእየሩሳሌም ኮምፒውተር የገዙላት እንድትሠራበት እንጂ እንድታፈቅርበት አልነበረም። ወልድያ ላይ ከመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ቀለም አስቀብተው፣ በሯ ላይ «የኮምፒውተር ጽሕፈት» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በግሪስ ተለውሼ ያገኘሁትን እንጀራ አንቺ እጅሽ ሳይቆሽሽ ብዪው ብለው መረቋት። ይህ በ1995 ዓ.ም. ነበር። በ1997 ሕዳር ላይ ያቺ ክፍል ከተማው ውስጥ የትም ያልተጻፈ ፍቅር የሚጻፍባት ሆና ነበር። አቶ ሞላ በቀን ሦስት ጊዜ ገብተው ይወጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር አንሥተው ያገላብጣሉ፤ ግን ምንም አላዩም።

እንዴት እንዳላዩ ልንገራችሁ።

መርሳ ላይ አማርኛ የሚያስተምር ስዩም የሚባል መምህር አለ፤ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ገበሬ ልጅ፣ ቀጭን፣ ለመናገር የሚቸገር፣ ለመጻፍ ግን የማይደክመው። ልቦለድ ይጽፋል። የሚያስተይበው እየሩሳሌም ዘንድ ነው። በየሐሙሱ ሙሄዲን የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር ደብተሩን ከመርሳ ያመጣላታል፤ ቅዳሜ ተተይቦና ታትሞ ከነደብተሩ በዚያው መኪና ይመለሳል። ዐሥራ አራት ወር እንዲህ ኖሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአካል የተገናኙት ከስድስት ቀን አይበልጥም፤ ስድስቱንም ቀን እሷ በቃሏ ትቆጥራቸዋለች።

ስዩም አጻጻፉ ለብቻው ነው። ከደብተሩ ቀኝ ገጽ ላይ ብቻ ይጽፋል፤ ግራው ገጽ ለእርማት ባዶውን ይቀመጣል። መጀመሪያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሲመለስበት በቀይ፣ በመጨረሻ በእርሳስ። የጣለውን ቃል አይፍቀውም፣ አያጠቁረውም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንዲት ቀጭን መስመር ይሰርዘዋል። ሰው የጻፈውን ቢተውም ምን እንደተወ ማየት አለበት ባይ ነው።

የመጀመሪያውን ደብተር ይዞ ራሱ የመጣ ቀን በዚህ ተከራከሩ። እሷ ያን ሁሉ ስርዝ ድልዝ አይታ ሳቀችና ኮምፒውተር ላይ እርማት እንዴት እንደሚሠራ አሳየችው። አንድ አንቀጽ መረጠች፤ ቁልፍ ተጫነች፤ አንቀጹ ጠፋ፤ ከታች ያለው ወደ ላይ ተጠጋ። ስዩም ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ያ ሁሉ ልፋት የት ገባ አላት። ፊቱን ስታየው አንጀቷን በላት፤ ሌላ ቁልፍ ተጫነችና አንቀጹን እንዳለ መለሰችለት።

«አየህ፣ እኔ ካለሁ የሚጠፋ ነገር የለም» አለችው።

ለማሾፍ ያለችው ነው። እሱ ግን ዐይን ዐይኗን አያት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ያን አስተያየት ከልቧ ማውጣት አልቻለችም።

ሦስተኛው ደብተር ላይ፣ ከተሰረዙት ዐረፍተ ነገሮች መካከል የልቦለዱ ያልሆነ አንድ አገኘች። «ቅዳሜ ቢጫ ሹራብ ለብሰሽ ነበር፤ እስከ መርሳ ድረስ ዐይኔ ላይ ነበርሽ» ይላል። በቀጭን መስመር ተሰርዟል። ግራው ገጽ ላይ በእርሳስ «የተሰረዘውንም አነባለሁ» ብላ ጻፈችና ላከችው። በሳምንቱ መልሱ መጣ፤ እሱም ተሰርዞ ነበር፦ «እንግዲያውስ የተሰረዘው ለአንቺ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሕጋቸው ይህ ሆነ። ያልተሰረዘውን ትተይባለች፣ የተሰረዘውን ትወስዳለች። አቶ ሞላ ደብተሩን ሲያገላብጡ የሚታያቸው ቀይና ሰማያዊ ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። አንዴም «ይሄ መምህር የሰረዘው ከጻፈው ይበልጣል፤ ተማሪዎቹን እግዜር ይርዳቸው» ብለው እየሳቁ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። እየሩሳሌም ግን የሳቸው ሳቅ በተሰማት ቁጥር ደስታዋ ውስጥ አንድ ፍርሃት ይገባባት ነበር።

የፈራችውም መጣ። ሕዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከቆቦ ሽማግሌዎች ደጃቸውን ረገጡ። የላካቸው ኤፍሬም የሚባል፣ ሁለት አይሱዙ ያለው፣ ከአባቷ ጋር የቆየ የንግድ ትውውቅ ያለው ጎልማሳ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለላት ነበር። አቶ ሞላም ደስ አላቸው፤ ሆኖም እንደ ወጉ ልጄን ላማክር ብለው ለሕዳር 19 እሑድ ቀጠሯቸው።

እየሩሳሌም በዚያው ሳምንት ዘጠነኛውን ደብተር ስትመልስ ግራው ገጽ ላይ በእርሳስ ይህን ጻፈች፦ «ስዩሜ፣ ሽማግሌ መጥቶብኛል። መልስ የሚሰጠው ሕዳር 19 ነው። ያንተ ሽማግሌ የሚመጣ ከሆነ ንገረኝ፤ መቼ እንደሆነ ብቻ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ቀኑን እኔ አባቴን ለምኜ አስገፋዋለሁ።» ደብተሩን ለሙሄዲን ስትሰጠው ሁለት ጊዜ አደራ አለችው። ከዚያ በኋላ መጠበቅ እንጂ ሌላ ሥራ አልነበራትም።

ሐሙስ ሕዳር 16 ከጠዋት ጀምራ በሩ ላይ ነበረች። ሙሄዲን ሚኒባሱን አቁሞ በመስኮት ትንሽ ፖስታ አቀበላት። ደብተሩስ ብላ ጠየቀችው።

«ዛሬ ደብተር የለም እህቴ፤ ይቺን ብቻ ነው የሰጠኝ» አለ። «አልሐምዱሊላህ ደኅና ነው። እንዲያውም ሲስቅ ነው ያየሁት።»

ፖስታው ውስጥ ዲስኬትና አጭር ወረቀት ነበሩ። «ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ገብቶለት እኔም መተየብ ለምጃለሁ። ከእንግዲህ በእጅ ጽሑፌ አላስቸግርሽም። ስዩም» ይላል። አንድም ቃል አልተሰረዘም።

ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። ደጋግማ አነበበችው። ዲስኬቱን ከተተችና ፋይሉን ከፈተች። ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አንድ ገጽ። እዚህም እዚያም የጀማሪ ስህተት አለው፤ አንዳንዱ ቃል ከጎረቤቱ ተጣብቋል። ስርዝ ግን የለም። እስከ መጨረሻው ወረደች፤ ከመጨረሻው መስመር በታች ነጭ ነው። ምናልባት ስክሪኑ አላሳያት ይሆናል ብላ አተመችውና ወረቀቱን አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ አድርጋ ብርሃን አሳየችው። ይህን ስታደርግ ሞኝነቷ ለራሷ ታወቃት፤ ግን አላቆመችም።

ከሦስተኛው ደብተር ወዲህ በየሳምንቱ የሆነ ነገር ሰርዞላት ያውቃል። የታመመ ጊዜ እንኳ ሁለት ቃል ሰርዞ ልኳል። ዛሬ፣ ሕይወቷን ጠይቃው፣ የጸዳ ገጽ ላከላት። እየሩሳሌም ከዚያ በፊት ተንቃ አታውቅም፤ ስሜቱን የት እንደምታስቀምጠው አጣች።

ዓርብ ዕለት አባቷ ለምሳ ወጣ ሲሉ ጠብቃ መርሳ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወለች። ያነሣችው ሴት፣ መምህር ስዩም ትናንት ፈቃድ ጠይቆ ወላጆቹ ጋ ሀገር ቤት ወጥቷል፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻም አይመለስም አለቻት። ሽማግሌ ሊያመጣ ይሆን? ሐሳቡ ብልጭ ብሎባት ነበር። ግን እንዲህ ያሰበ ሰው አንድ መስመር አይጽፍላትም? ዐሥራ አንድ ገጽ የተየበ እጅ አንዲት መስመር ከበደችው? ሸሸ አለች። ስልኩን ስታስቀምጥ ከሐዘኑ ይልቅ ቁጣው ቀደማት፤ ወዲያው ደግሞ ቁጣው ጥሏት ሄደና ሐዘኑ ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አቶ ሞላ እናቷን ጓዳ ልከው ብቻቸውን አነጋገሯት። ጨካኝ አባት አልነበሩም። ነገ ሰዎቹ እንደሚመጡ፣ እሳቸው ልጁን እንደወደዱት፣ ሆኖም የምትገባው እሷ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ነገሯት።

«ልብሽ ሌላ ቦታ ካለ አሁን ንገሪኝ» አሏት። «ዛሬ የምትነግሪኝ ነገር አያስቆጣኝም። ነገ ግን ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ብትነግሪኝ የማደርግልሽ የለም፤ እወቂው።»

እየሩሳሌም ሳህኑ ላይ የቀረውን እንጀራ በጣቷ ቆራረሰች። ለማን ብላ ትናገር? ማን አለኝ ትበል? አንድ መስመር፣ አንዲት የተሰረዘች መስመር በእጇ ብትኖር እግራቸው ላይ ትወድቅ ነበር።

«የለም አባዬ» አለች። «እንዳሉ ይሁን።»

እሳቸው ፊታቸው ፈካ፤ ራሷን ሳሙት። እሷም ሳመቻቸው፤ ከንፈሯ ቀዝቃዛ እንደነበረ ለራሷ ተሰማት።

እሑድ ሕዳር 19 የቆቦዎቹ መጡ። ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮና ጠላ ቀረበላቸው። አቶ ሞላ ቆመው ልጄን ሰጥቻችኋለሁ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እየሩሳሌም ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። ማግስቱን ሥራዋ ገባች፤ የሰው ማመልከቻ ተየበች፤ ማክሰኞና ረቡዕም እንዲሁ። በመካከሉ ሥራ ሲፈታባት የስዩምን ምዕራፍ ከፍታ የተጣበቁትን ቃላት አንድ በአንድ አላቀቀችለት። ለምን እንደምታደርገው ሳታውቅ እያለቀሰች አላቀቀችው።

የሚቀጥለው እሑድ፣ ሕዳር 26፣ ከሰዓት በፊት እናቷ ከቤት ውስጥ የቀሚስ ነገር ስታወራባት መቋቋም አቃታትና የምሠራው የቀረ አለኝ ብላ ክፍሏን ከፍታ ተቀመጠች። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በመስኮቱ በኩል አልፈው ወደ ግቢው በር ሲያቀኑ አየች፤ ከመካከላቸው አንዱ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ናቸው። አራተኛው ሰው፣ ረጅም፣ ያረጁ፣ አልገቡም፤ አባት ለልጁ አማላጅ ሆኖ አይገባምና ከሱቁ በረንዳ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። እየሩሳሌም ምን እንደሆነ ሳይገባት በሯ ተከፈተና ስዩም ገባ።

ከስቷል፤ ፀሐይ አክስሎታል፤ ጫማው ላይ የገብስ ገለባ አለ። እየሳቀ ነበር። በዐሥራ አራት ወር ውስጥ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«ስምንቱን ቀን ጠበቅሽልኝ» አላት።

«የምን ስምንት ቀን?»

የምትቀልድ መስሎት ሳቁን ቀጠለ። «የጻፍኩልሽ ነዋ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ምዕራፉ ካለቀበት ሥር ጻፍኩት፣ ከዚያ ሰረዝኩት፣ ሴቭ አድርጌ ላክሁልሽ። እንደ ወትሯችን።»

«ሰረዝከው?» አለች፤ ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

«አባትሽ ከፍተው ቢያዩስ ብዬ ነዋ። ወረቀቷም ላይ ያንን የጻፍኩት ለሳቸው ብዬ ነው። አንቺማ ታወጪዋለሽ። የጠፋውን ስትመልሺ አሳይተሽኛል።»

እየሩሳሌም ያን ቀን የመለሰችው ፋይሉ ገና ሳይዘጋ ስለነበር መሆኑን፣ አንዴ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ በኋላ የጠፋው እንደጠፋ እንደሚቀር፣ እሷ ቀርታ ማንም እንደማያወጣው ነገረችው። ሦስት ጊዜ ነገረችው። አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። በመጨረሻ ዲስኬቱን ከተተችና ፋይሉን ከፍታ እስከ ታች አወረደችለት። ስዩም ጎንበስ ብሎ ከመጨረሻው መስመር በታች ያለው ነጭ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ ነበር» አለ።

«በወረቀት አልጻፍከውም? በደብተርህ የለም?»

ራሱን ነቀነቀ። ከተወለደ ጀምሮ ወረቀት ላይ ሳያሰፍር የጻፈው ነገር ይህ ብቻ ነበር። «እንዳንቺ ልጻፍ ብዬ ነው» አላት። «ደስ ይበልሽ ብዬ።»

ምን ይል እንደነበር ጠየቀችው። አባቱ አውድማ ላይ ስለሆኑ፣ ገብሱ ሳይገባ ከደጋ መውረድ ስለማይችሉ፣ ሽማግሌዎቹ የሚደርሱት ሕዳር 26 ስለሆነ አባቷን ለምና ስምንት ቀን ብቻ እንድታስገፋ ነበር። ይህን ሲነግራት ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሙሉ ሳምንቱን አባቱን እየረዳ አብሮ ሲወቃ ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ።

«ይሄ ግማሽ ገጽ አይሞላም» አለችው። «ሌላውስ?»

ስዩም አፉን ከፈተ። «እየሩስ፣ አንቺን ሳላውቅ…» አለና ቆመ። እንዲህ አልነበረም አለ። «ደብተሩ ሲመለስልኝ መጀመሪያ የማየው…» አሁንም ቆመ። ግንባሩን በእጁ መታ። «በአፌ አይሆንልኝም፤ ታውቂያለሽ።»

«አታርመው» አለችው። «እንደመጣልህ በለው። የፈለገው ይሁን፣ በለው ብቻ።»

አልቻለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ አይመጣም። እሷም ያኔ እንባዋ መጣ። ዐሥር ቀን ሙሉ የተናቀች መስሏት ኖራለች፤ ያንን ትችለው ጀምራ ነበር። አልተናቀችም። ተለምናለች፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ተለምናለች፤ አባቷም ጠይቀዋት ነበር። ይህኛውን እንዴት እንደምትችለው አላወቀችም።

«ባለፈው እሑድ ቃል ተሰጥቷል» አለችው። «አባቴ አላስገደዱኝም። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከቤት በኩል የግቢው በር ሲከፈት ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ወጥተዋል። በመስኮቱ ሲያዩ፣ ቄሱ በረንዳው ሥር ከቆሙት ረጅም ሰው አጠገብ ደርሰው ዝቅ ብለው አንድ ነገር ነገሯቸው። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጠየቁም።

እየሩሳሌም የስዩምን እጅ ያዘች፤ ይህን ከዚያ በፊት አድርጋው አታውቅም። «ውሰደኝ» አለችው። «የሙሄዲን መኪና አሁን ይነሣል። መርሳ እንግባ፤ የመጣው ይምጣ።»

እጇን ጨበጠው። ለአፍታ ይሆናል ብላ አመነች፤ እሱም ያመነ መሰለ። ያኔ በሩ ጨለም አለና አባቱ ጋሽ በላይ ጎንበስ ብለው ገቡ። የተያያዘውን እጃቸውን አዩ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ቃል ወድቆባታል» አሉት። «ቃል የወደቀባት ልጅ የሰው ሚስት ናት። ሰው ቀደመን እንጂ ማንም አልበደለን። እኔ በስተርጅና ጠላፊ አታሰኘኝ፤ ና እንሂድ።»

የስዩም እጅ ከእጇ ወጣ። ተገፍቶ አይደለም፤ ብቻ ቀስ ብሎ ወጣ። ወደ አባቱ ሲሄድ እንደ ታመመ ሰው ግድግዳውን እየያዘ ነበር።

ጋሽ በላይ ግን ወዲያው አልዞሩም። ለዚህች ልጅ ብለው ከደጋ የወረዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ገና ማየታቸው ነው። ጠጋ ብለው አዩዋት። ሳይመርቁ መለየት ደግሞ ከቤታቸው ወግ አልነበረምና ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እየሩሳሌም ጉልበታቸው ሥር ዝቅ አለች።

«ወልደሽ ሳሚ» አሉ።

«አሜን።»

«ቤትሽ ይሙላ፤ ከባልሽ ጋር አብራችሁ አርጁ።»

«አሜን።»

«የተሰጠሽለት ሰው የልብሽ ሰው ይሁንልሽ።»

አንገቷን እንደደፋች ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ጆሯቸው የደከመ ነው፤ ጠበቁ፤ ምርቃት ያለ አሜን አያልቅም።

«አልሰማሁሽም ልጄ» አሏት በርኅራኄ።

እየሩሳሌም ቀና አለች። ስዩም በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እሱ እየሰማት፣ «አሜን» አለች።